በጎዳናና በአጥር መካከል፦ የመንገድ ወሰንና ባለ ይዞታዎች በጭሮና በምዕራብ ሐረርጌ ከተሞች

ከአዋሽ ተነሥቶ በቦርደዴ፣ በአሰቦትና በሚኤሶ ቆላ በኩል ወደ ጨርጨር ደጋ የሚወጣው የሐረር ጎዳና፣ ጭሮንና ሂርናን አልፎ ወደ ቁልቢ እስኪዘልቅ ድረስ በግራና በቀኙ የተቈረቈሩትን ከተሞች ያሳደገ እርሱ ራሱ ስለ ሆነ፣ በእነዚህ ከተሞች ዘንድ መንገድ ዳር ቤት ያለው ሰው ከጥንት ጀምሮ እንደ ባለ ጸጋ ሲቈጠር ኖሯል። መንገደኛው በደጁ ይቆማል፤ ጫቱና ቡናው፣ ድንቹና ሽንኩርቱ በደጁ ይሸጣል፤ ታኅሣሥ 19 እና ሐምሌ 19 ቁልቢ ገብርኤልን ለመሳለም የሚወጣው ምእመን በደጁ ሲያልፍ ሻይ የምታፈላዋም፣ መኝታ የሚያከራየውም፣ ጎማ የሚጠግነውም የዓመት ትርፋቸውን ተስፋ የሚያደርጉበት ወራት ይሆናል። ዛሬ ግን ያው ጸጋ የሥጋት ምክንያት ሆኗል፤ ጎዳናው ልስፋ ባለ ጊዜ አስቀድሞ የሚነካው ከጎዳናው አስቀድሞ የተጠቀመውን ቤት ነውና።

ይህ ሥጋት ያለ ምክንያት አልተነሣም። በ2016 ዓ.ም. በአዲስ አበባ በፒያሳና በአራት ኪሎ አካባቢ የተጀመረው የኮሪደር ልማት፣ በሚቀጥለው ዓመት በዋና ከተማይቱ ስምንት መስመሮችን ይዞ ከመስፋቱም በላይ ወደ ክልል ከተሞች፣ የኦሮሚያንም ከተሞች ጨምሮ፣ ተሻግሯል። የእግረኛ መንገድ ይሰፋል፤ አጥር ወደ ኋላ ይሳባል፤ በረንዳ ይቈረጣል፤ የቆርቆሮ ሱቅ ይነሣል፤ የቀረው ግንብ በአንድ ዐይነት ቀለም ይቀባና መብራት ይተከልለታል። ሥራው ካለቀ በኋላ በዚያ የሄደ ሰው ውበቱን ሊክድ አይችልም፤ እኔም አልክድም። ከመኪናና ከአህያ ጋራ እየተጋፋ በአስፋልቱ ጠርዝ ይሄድ የነበረ ተማሪና ሽማግሌ መሄጃ ማግኘቱ ትንሽ ነገር አይደለም። ነገር ግን በጎዳናው ላይ የሚያልፈው ሰውና ከአጥሩ ውስጥ ተቀምጦ የቀያሹን መምጣት የሚጠባበቀው ባለ ቤት አንድ ነገር አያዩም። እንደ እኔ አስተያየት፣ በእነዚህ ከተሞች የሚነሣው ክርክር ሥሩ ጎዳናው ይስፋ ወይስ አይስፋ የሚል አይደለም፤ የጎዳናው ወሰን የት ላይ እንደሚያበቃ በመሥሪያ ቤት ፕላን ላይ ሲታወቅ በምድሩ ላይ ግን ለባለ ቤቱ ሳይታወቅ ብዙ ዘመን መቆየቱ ነው። በጊዜው ያልተነገረ ወሰን ዘግይቶ በተነገረ ጊዜ፣ ሕጋዊ እንኳ ቢሆን፣ ለሚሰማው ሰው እንደ ዝርፊያ ይሆንበታል።

የነገሩን ጥንተ ታሪክ ስንመረምር አንድ ደስ የሚያሰኝ ግጥምጥሞሽ እናገኛለን። ዛሬ በይፋ ጭሮ የምትባለው ከተማ በራስ ተፈሪ ዘመን አሰበ ተፈሪ ተብላ ስትታነጽ፣ የጨርጨር ገዥ የነበሩት በሩስያ አገር የተማሩት ተክለ ሐዋርያት ተክለ ማርያም ነበሩ፤ ግዛቲቱም ለሌሎች አውራጃዎች የአስተዳደር ምሳሌ ትሆን ዘንድ የታሰበች ነበረች። ኋላ በጅሮንድ ተብለው የገንዘብ ሚኒስትር የሆኑት እኚሁ ሰው፣ ሐምሌ 9 ቀን 1923 ዓ.ም. የታወጀውን የመጀመሪያውን ሕገ መንግሥት ያረቀቁ ናቸው። በዚያ ሕገ መንግሥት ውስጥ፣ በሕግ ለተወሰነ የሕዝብ ጥቅም ካልሆነ በቀር ከኢትዮጵያዊ ሰው እጅ የሚንቀሳቀስም ሆነ የማይንቀሳቀስ ንብረት ማንም እንዳይወስድ የሚከለክል አንቀጽ ሰፍሯል። እንግዲህ የከተማይቱ መሥራች ገዥና የንብረት መብት አንቀጽ አርቃቂ አንድ ሰው ከሆኑ፣ የጭሮ ባለ ቤት መብቱን ሲጠይቅ ከሩቅ አገር የመጣ እንግዳ ትምህርት እንደሚጠይቅ ሊቈጠርበት አይገባም።

ከዚያ በኋላ ሕጉ እየጠራ ሄደ። በ1948 ዓ.ም. የተሻሻለው ሕገ መንግሥት ለሚወሰድ ንብረት ተገቢ ካሳ እንዲከፈል፣ ወገኖቹ በግምቱ ያልተስማሙ እንደ ሆነ ደግሞ በዳኝነት ሥርዓት እንዲወሰን ደነገገ። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ ከቁጥር 1460 ጀምሮ ንብረት ለሕዝብ አገልግሎት የሚወሰድበትን ሥርዓት በዝርዝር ሲጽፍ፣ መንገዶችንም ለሕዝብ አገልግሎት ከተመደቡ የመንግሥት ንብረቶች ወገን ቈጥሮ፣ ከዚያ አገልግሎት ካልተለቀቁ በቀር እንዳይሸጡ፣ በዘመን ብዛትም ማንም የራሱ እንዳያደርጋቸው ከለከለ። ይህ የመጨረሻው ነገር በብዙ ሰው ዘንድ አይታወቅም። አባቱ ከመንገዱ ላይ ሁለት ክንድ ወደ ፊት ገፍቶ ያጠረውን አጥር ልጁ አርባ ዓመት ቢጠብቀው እንኳ፣ ዘመኑ መብት አይሆንለትም። ሌላ ሰው በዚያው ዘመን ሊከራከረው የማይችለውን መንገዱ ግን ሁልጊዜ ሊከራከረው ይችላል።

በ1967 ዓ.ም. ታላቁ ለውጥ መጣ። የከተማ ቦታንና ትርፍ ቤትን የመንግሥት ያደረገው ዐዋጅ ቁጥር 47 የወጣው ሐምሌ 19 ቀን፣ የቁልቢ ገብርኤል ዕለት ነበር፤ ከዚያ ቀን በኋላ በአሰበ ተፈሪም፣ በገለምሶም፣ በበዴሳም የከተማ ሰው የቤቱ ባለ ቤት እንጂ የመሬቱ ባለ ርስት መሆኑ ቀረ። ለመኖሪያ እስከ 500 ካሬ ሜትር ድረስ ተፈቀደለት፤ መሬቱ ግን የመንግሥት ሆነ። የ1987 ዓ.ም. ሕገ መንግሥትም በአንቀጽ 40 ይህንኑ መሠረት ይዞ፣ መሬት የመንግሥትና የሕዝብ ነው፣ በመሬቱ ላይ በጉልበቱና በገንዘቡ የሠራው ግን የሠሪው ነው፣ መንግሥትም ለሕዝብ ጥቅም ሲወስደው ተመጣጣኝ ካሳ በቅድሚያ ይከፍላል ብሎ ደነገገ። በዚህ ሥርዓት ውስጥ የጎዳና ዳር ቤት ባለቤት የተለየ ችግር ይገጥመዋል፤ የቤቱ ዋጋ ከግንቡና ከቆርቆሮው ይልቅ ከቦታው ነውና። ከጎዳናው ፊት የቆመች አንዲት ጠባብ ሱቅ ከኋላዋ ካለው ሰፊ ግቢ የበለጠ ኪራይ ታመጣለች፤ ገማች ኮሚቴው ሲመጣ ግን የሚቈጥረው ብሎኬቱን፣ በሩንና ማገሩን ነው። ለሚቋረጥ ገቢ የሚሰጥ ካሳ በሕጉ ቢኖርም፣ ፊቱን ለጎዳና የሰጠ ቤት ፊቱን ሲያጣ የሚያጣው ነገር የጥቂት ወራት ገቢ ብቻ አይደለም።

አሁን ወደ ወሰኑ እንመለስ። በምዕራብ ሐረርጌ ከተሞች ጎዳና ዳር ሁለት ወሰኖች አሉ እንጂ አንድ ወሰን የለም። አገር አቋራጩን መንገድ የሚያስተዳድረው፣ በ1943 ዓ.ም. የአውራ ጎዳና ባለሥልጣን ተብሎ የተቋቋመውና ዛሬ የመንገዶች አስተዳደር የሚባለው የፌዴራል መሥሪያ ቤት፣ ከአስፋልቱ መካከል በሁለቱም ወገን ለመንገዱ የሚጠብቀው ክልል አለ። ማዘጋጃ ቤቱ ደግሞ በራሱ ፕላን ላይ የመንገዱን ስፋት ጽፎ ይይዛል፤ የከተማ ፕላን ዐዋጅ ቁጥር 574/2000 ከወጣ ወዲህ ይህ ፕላን ሕጋዊ ኀይል አለው። ሁለቱ መሥመሮች አንድ ሆነው የተገኙ እንደ ሆነ መልካም ነው። ተለያይተው በተገኙ ጊዜ ግን በመካከላቸው የቀረው መሬት ማንም የማይጠብቀው፣ ሁሉም የሚጠቀምበት ይሆናል፤ በዚያ ላይ በረንዳ ይወጣል፣ ጥላ ይዘረጋል፣ የጫት መሸጫ ዳስ ይቆማል፣ ዳሱም ቀስ በቀስ ቆርቆሮ ከዚያም ብሎኬት ይለብሳል።

በዚህ ጊዜ መንግሥት ተኝቶ ነበር ቢባል ውሸት ነው። ያችን የቆርቆሮ ሱቅ ንግድ ጽሕፈት ቤቱ ፈቃድ ይሰጣታል፤ ገቢዎች ግብር ይቀበላታል፤ መብራት ኀይል ቆጣሪ ይተክልላታል፤ ቀበሌው ለልዩ ልዩ መዋጮ በደጇ ይመላለሳል። ይህ ሁሉ ሰነድ በባለ ሱቁ እጅ ባለበት፣ ከብዙ ዓመት በኋላ አንድ ቀያሽ መጥቶ በቀይ ቀለም ምልክት አድርጎ «ይህ የመንገድ ክልል ነው፤ ካሳ የለውም» ሲለው፣ ባለ ሱቁ ሕግ እንደ ተላለፈ ሰው ሳይሆን እንደ ተከዳ ሰው ሆኖ ይናገራል። በሕግ ረገድ ቀያሹ ትክክል ሊሆን ይችላል፤ ግብር መክፈል ይዞታ አያስገኝም። በፍትሕ ረገድ ግን ለዓመታት ሲቀበል የኖረ እጅ አንድ ቀን ተነሥቶ «አላውቅህም» ሊል አይገባውም ነበር። ካርታ የሌላቸው፣ «ሰነድ አልባ» የሚባሉት ይዞታዎች ጉዳይ ደግሞ ከዚህ የባሰ ነው። በ2015 ዓ.ም. በአዲስ አበባ ዙሪያ ሸገር ከተማ ሲመሠረት ሕገ ወጥ ተብለው የፈረሱትን ቤቶች የኢትዮጵያ ሰብአዊ መብቶች ኮሚሽን መርምሮ ወቀሳ ማቅረቡ፣ ሰነድ አልባነት ብቻውን ሰውን ያለ ሥርዓት ከቤቱ ለማውጣት በቂ ምክንያት እንዳልሆነ ያስረዳል።

ካርታ ያለው ሰውስ? ካርታ ያለው ሰው በ2011 ዓ.ም. በወጣው ዐዋጅ ቁጥር 1161 ጥላ ሥር ነው። ዐዋጁ ሲወጣ የሚነሡትን ሰዎች ቢያንስ ከአንድ ዓመት አስቀድሞ ማማከርን አዝዟል፤ ካሳው ወይም ምትክ ቦታው ከመነሣት በፊት እንዲሰጥ ይላል፤ ቅር የተሰኘ ሰው በ30 ቀን ውስጥ ለአቤቱታ ሰሚ አካል፣ ከዚያም ለይግባኝ ሰሚ ጉባኤ፣ በመጨረሻም ለፍርድ ቤት እንዲያመለክት መንገድ ይከፍትለታል። በወረቀት ላይ ይህ የሚነቀፍ ሥርዓት አይደለም። ነገር ግን የኮሪደር ሥራ በባሕርዩ ጥድፊያ ነው፤ የሥራው መመዘኛም ፍጥነት ሆኗል፤ አንድ ዓመት ይመክራል የተባለው ሕግና በጥቂት ወራት ተሠርቶ ይመረቃል የተባለው ጎዳና በአንድ ከተማ ውስጥ ሲገናኙ የትኛው ለየትኛው እንደሚሰግድ ለመገመት ነቢይ መሆን አያሻም። ደግሞም በትንንሽ ከተሞች የሚበዛው ሙሉ ቤት መውሰድ ሳይሆን የግቢን ፊት መቍረጥ ነው። ከ150 ካሬ ሜትር ግቢ ሦስት ሜትር ከፊት ሲወሰድ፣ የቀረው ሳሎን የሌለው ጓዳ፣ ደጅ የሌለው ቤት ሊሆን ይችላል። ቀድሞ የነበረው የሚኒስትሮች ምክር ቤት ደንብ ቁጥር 135/1999 ከፊሉ የተነካ ቤት ባለቤት በተረፈው ለመኖር ከመረጠ፣ የተረፈው ከከተማው ፕላን ጋራ የሚስማማ ሲሆን፣ ለተወሰደው ብቻ ካሳ እንዲሰጠው ይፈቅድ ነበር። ምርጫው የባለ ቤቱ መሆኑ ቁም ነገር ነበር። የሚያሳዝነው ግን ይህ ምርጫ እንዳለው የሚያውቅ ባለ ቤት ጥቂት መሆኑ ነበር።

በዚህ ላይ በ2016 ዓ.ም. የወጣው ማሻሻያ ዐዋጅ ቁጥር 1336 አዲስ ክብደት ጨምሯል። ከዚያ በፊት የፌዴራል መንገድ ሲሠራ ካሳውን የሚከፍለው ፕሮጀክቱ ስለ ነበር፣ የየአካባቢው አስተዳደር ግምቱን ከፍ ማድረግ አይከብደውም ነበር ተብሎ ይወቀስ ነበር፤ «የወሰን ማስከበር ችግር» የሚለውም ሐረግ የመንገድ ሥራ መጓተትን ለማስረዳት በየሪፖርቱ ሲጻፍ የኖረ ነው። ማሻሻያው ግን የካሳውን ክፍያ ወደ ክልሎች አዞረው። ዓላማው ግልጽ ነው፤ ከራሱ ኪስ የሚከፍል ሰው አያጋንንም። ነገር ግን ከራሱ ኪስ የሚከፍል ሰው ሊያሳንስ ይፈተናል። የአንዲት አነስተኛ ከተማ አስተዳደር ለሚቈረጠው አጥር ሁሉ ካሳ እንዲከፍል ከተገደደ፣ «ይህ ይዞታ አይደለም፣ የመንገድ ክልል ነው» ማለት ከሁሉ ርካሽ መልስ ይሆንለታል። እነሆ፣ የጠፋው የወሰን ድንጋይ የገንዘብ ዋጋ ያለው ሆነ። ድንጋዩ ቢኖር ኖሮ ከማንም ኪስ በፊት እርሱ ይመሰክር ነበር።

በመጽሐፍ ቅዱስ የሚነገረውን፣ ንጉሥ አክዓብ የወይን ቦታውን የተመኘበትን የናቡቴን ታሪክ ሰው ሁሉ ያውቃል፤ ካህኑም ምእመኑም አክዓብን እንደ ቀማኛ፣ ኤልዛቤልን እንደ ነፍሰ ገዳይ ያነሣቸዋል። በስብከት ብዙ የማይነገረው ግን ንጉሡ ግፍ ከመሥራቱ በፊት ሁለት አማራጭ ማቅረቡ ነው፤ የተሻለ የወይን ቦታ ወይም ዋጋውን በብር። በዛሬ ቋንቋ ብንናገረው ምትክ ቦታና ካሳ ማለት ነው። ናቡቴ ሁለቱንም እምቢ ያለው ዋጋው ስላነሰ አልነበረም፣ ርስት ስለ ነበረ እንጂ። የዛሬው የጭሮ ባለ ቤት ርስት የለውም፤ እምቢ የማለትም መብት የለውም። ስለዚህ ለእርሱ የቀረለት የካሳው ልክነትና የአሠራሩ ቅንነት ብቻ ነው፤ እነዚህን ካጣ ከናቡቴ ያነሰ ነው።

ሌሎች አገሮች ይህን ችግር እንዴት እንደ ፈቱት ማየት ይጠቅማል፤ በተለይም የፍትሐ ብሔር ሕጋችንን ያረቀቁት ፈረንሳዊው ሬኔ ዳቪድ ስለ ነበሩ፣ ፈረንሳዮች ያደረጉትን መመልከት ባዕድ ነገር መጥቀስ አይሆንም። በፈረንሳይ በ1807 እንደ አውሮፓ አቆጣጠር የወጣ ሕግ ከተሞች የየጎዳናቸውን መሥመር በፕላን አውጥተው እንዲያስታውቁ አዘዘ። መሥመሩ በሕዝብ ፊት የታወቀ ስለ ሆነ፣ ቤቱ ከመሥመሩ ወደ ፊት የወጣበት ሰው ቤቱ ወዲያው አልፈረሰበትም፤ ግንቡን እንዳያድስና እንዳያጠናክር ተከለከለ እንጂ። ቤቱ አርጅቶ ሲወድቅ ወይም ባለ ቤቱ አፍርሶ ሲሠራ መሬቱ ዋጋው ተከፍሎ ወደ ጎዳናው ይገባል። እስከ ዛሬም ድረስ መንገድ ዳር ያለ ባለ ቤት የጎዳናው ወሰን የት ላይ እንደ ሆነ ከባለሥልጣኑ በጽሑፍ ጠይቆ መልስ ማግኘት ይችላል። ጃፓኖችም በ1950 እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ባወጡት የሕንፃ ሕግ፣ ከአራት ሜትር በታች የሆነ ጠባብ መንገድ ዳር ያለ ቤት እንደገና ሲሠራ ከመንገዱ መካከል ሁለት ሜትር ወደ ኋላ እንዲመለስ አድርገዋል፤ ጎዳናው በአንድ ሌሊት ሳይሆን በትውልድ ይሰፋል። ትዕግሥት የሌለው ሰው ይህን ስንፍና ሊለው ይችላል። እኔ ግን የጎዳና ማስፋትና የቤት ማፍረስ አንድ ነገር እንዳይሆኑ የሚያደርግ ጥበብ አድርጌ አየዋለሁ። የጭሮ ማዘጋጃ ቤት በፕላኑ ላይ ያለውን የጎዳና ወሰን በድንጋይ አስተክሎ፣ በቀበሌው ደጅ በካርታ ለጥፎ፣ ማንኛውም ባለ ቤት በጽሑፍ ሲጠይቀው በጽሑፍ ቢመልስ፣ ከባድ ወጪ አይጠይቀውም፤ ከዚህ በኋላ ወደ ፊት ገፍቶ የሚሠራ ሰውም ምክንያት ያጣል።

በባለ ቤቶቹ ወገን ደግሞ ዝም የማይባል ነገር አለ። ጭሮ በተራራ ሥር የተቀመጠች ከተማ ናትና ክረምት ሲገባ ከተራራው የሚወርደው ጎርፍ የሚሄድበት ቦይ ያስፈልገዋል፤ ያንኑ ቦይ በቆሻሻና በሸንኮራ ልጣጭ የሚደፍነው፣ በላዩም ድልድይ አድርጎ በረንዳ የሚሠራበት ባለ ቤቱ ራሱ ነው። የጥንት ሮማውያን ከክርስቶስ ልደት በፊት በ45 ዓመት ገደማ በተጻፈው የከተማ ሕጋቸው፣ እያንዳንዱ ባለ ቤት በደጁ ፊት ያለውን መንገድ እንዲጠብቅና እንዲያድስ፣ ባያድስ ሥራው ለሌላ ሰው ተሰጥቶ ዋጋውን እንዲከፍል አስገድደውት ነበር። በእኛ ዘንድ ደጅ ማለት መጥረግና ውኃ መርጨት ብቻ ሆኖ ቀርቷል። መንገዱ የሁሉ ነው የሚለው ቃል ማንም አይጠብቀውም ማለት ሆኖ እስካለ ድረስ፣ ባለ ቤቶች ወሰናቸው ይከበር ብለው የሚያነሡት ድምፅ ግማሽ ኀይሉን ያጣል። ባለፉት ዘመናት ጎዳናውን የገፋው ሁልጊዜ ድኻው አልነበረም፤ በአንዳንድ ከተማ ባለ ፎቅ የሆነው ሰው ከሁሉ በፊት የገፋ፣ ከሁሉ በኋላም የተነካ ነው፤ ይህም ሌላ ጽሑፍ የሚጠይቅ ነገር ነው።

በምዕራብ ሐረርጌ ግን ሌላ ትልቅ መንገድ እየታሰበ ነው፤ ለእኔም ከኮሪደሩ ይልቅ ትኩረት የሚስብ እርሱ ነው። በ2015 ዓ.ም. የዓለም ባንክ ለኢትዮጵያ የ730 ሚሊዮን ዶላር ድጋፍ ሲፈቅድ፣ ዋና ዓላማው ከሚኤሶ እስከ ድሬዳዋ ያለውን ወደ ጅቡቲ የሚወስደውን መሥመር በዘመናዊ መንገድ ማሠራት ነበር። ሚኤሶ ከዚህ በፊትም ሁለት ጊዜ የመንገድ ወሰን ሲሰመርባት አይታለች፤ አንድ ጊዜ በምኒልክ ዘመን የፈረንሳዮች ባቡር ሲመጣ፣ ሁለተኛ ጊዜ ደግሞ በ2009 ዓ.ም. የተመረቀው አዲሱ የባቡር ሐዲድ በቻይና ኩባንያዎች ሲዘረጋ። አሁን ሦስተኛው ሲመጣ ልዩ ነገር ይዞ ይመጣል። ባንኩ ገንዘብ በሚሰጥባቸው ፕሮጀክቶች ላይ የሚያስከብረው የመነሣትና የማስፈር መመሪያ፣ ለመሬቱ ሕጋዊ መብት የሌለው ሰው እንኳ በመሬቱ ላይ ለሠራው ቤትና ላጣው ኑሮ ካሳና እርዳታ እንዲሰጠው ያዝዛል፤ ቈጠራ ከተጀመረበት ቀን በኋላ የገባ ሰው ብቻ ከዚህ ይወጣል። እንግዲህ በአንድ ዞን፣ በአንድ ሕዝብ መካከል፣ በሚኤሶ ሜዳ ያለ ካርታ ዳስ የሠራ ሰው ካሳ ሲያገኝ፣ በጭሮ ዋና ጎዳና ያለ ካርታ ሱቅ የሠራ ወንድሙ ባዶ እጁን ሊቀር ይችላል፤ ልዩነቱ የሚመጣው ከበደሉ ሳይሆን ከገንዘቡ ምንጭ ነው። የክልሉ መንግሥት ለዚህ ጥያቄ አስቀድሞ መልስ ካላዘጋጀ፣ ጥያቄው ከሜዳው ወደ ደጋው መውጣቱ አይቀርም።

ሌላም አለ። አዲሱ መሥመር ከሚኤሶ በቀጥታ በሜዳው ወደ ድሬዳዋ የሚሄድ ስለ ሆነ፣ ጨርጨርን አይወጣም። ዛሬ በጭሮና በሂርና ደጅ የሚያልፈው ጭነት ከፊሉ ወደ ቆላው ከወረደ፣ የጎዳና ዳር ቤት ጥቅሙ ምን ያህል እንደሚቀር፣ ለሰፋው ጎዳና ፊቱን የተቈረጠው ባለ ቤትስ በቀረው ፊቱ ምን እንደሚነግድ ከአሁኑ ሊታሰብ ይገባል። ካሳ የሚገምት ኮሚቴ ግንቡን ሲቈጥር ይህን አይቈጥርም፤ ፕላን የሚያወጣ መሐንዲስ ግን መቁጠር ይችላል፣ የከተማይቱን የነገ ትራፊክ ሳይመረምር የጎዳናዋን ስፋት የወሰነ እንደ ሆነ ሥራው ገና አልተጀመረምና።